«ይቅር ካላልሽ አትቆርቢም» ይለኛል

ጥያቄ፦ መምህር፣ በቁርባን ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል። ባለቤቴ ከሌላ ሴት ጋር እንዳለ የተጻጻፉትን ስልኩ ላይ አንብቤ ደረስኩበት። መጀመሪያ ካደ። ቀጥሎ «ቤቴን ያስጠላሽኝ አንቺ ነሽ» አለኝ። አሁን ደግሞ «ክፉ መንፈስ ነው የሚያስጠረጥርሽ፣ ጠበል ግቢ» ይለኛል። ሁለት ጊዜ መትቶኛል። ከዚያ እግሬ ላይ ወድቆ ያለቅስና ሳምንት ሳይሞላው ወደዚያው ይመለሳል። «ይቅር ካላልሽ አትቆርቢም» ሲለኝ ግራ ገባኝ። የበደልኩት እኔ ነኝ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አልበደልሽም። ጥያቄሽን ሳነበው ያሳዘነኝ፣ ተበድለሽ ሳለ ይቅርታ የምትጠይቂው አንቺ መሆንሽ ነው።

የጲጥፋራን ሚስት አስቢ። ዮሴፍ እንቢ ብሎ ሲሸሽ ልብሱ በእጇ ቀረ፤ እሷም ያንኑ ልብስ ይዛ ከሰሰችው (ዘፍ. 39)። ልብሱ የዮሴፍ መሆኑ እውነት ነው፤ የተገለበጠው ታሪኩ ነው። ባልሽም የያዘው ይህንኑ መንገድ ነው። መጠርጠርሽ፣ መጮኽሽ፣ እንቅልፍ ማጣትሽ እውነት ነው፤ እሱ ግን የራሱ ሥራ ያመጣብሽን ሐዘን አንሥቶ የመታመምሽ ማስረጃ ያደርገዋል። ይህ ሲደጋገም ሰው የገዛ ዓይኑን ማመን ያቅተዋል። ጠበል የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ለራስሽ ብለሽ ተጠመቂ። በዓይንሽ ያነበብሽውን ግን መንፈስ አላመጣብሽም።

ለቅሶውስ? ሳኦልም ዳዊትም ጥፋታቸው ሲገለጥ «በድያለሁ» ብለዋል፤ ቃሉ አንድ ነው። ሳኦል ግን ወዲያው በሕዝቡ ሽማግሌዎች ፊት እንዲያከብረው ሳሙኤልን ለመነው (1ኛ ሳሙ. 15፥30)። የጨነቀው ስሙ ነበር። ዳዊት ናታን ሲገሥጸው ምክንያት አልደረደረም፤ ቤርሳቤህንም አልወቀሰም። ስለዚህ እንባውን ሳይሆን ከእንባው በኋላ የሚጠይቅሽን ተመልከቺ። «ለማንም እንዳትናገሪ፣ ስሜን እንዳታጠፊ» የሚልሽ ከሆነ የሚያለቅሰው እንደ ሳኦል ነው። ንስሐ የገባ ሰው ከዚያች ሴት ይለያል፣ ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፣ ቀኖናውን ይፈጽማል፣ አንቺ እስክታምኚው ድረስም ይታገሣል። ዮሐንስ መጥምቅ «ለንስሐ የሚገባ ፍሬ አድርጉ» ያለው ለዚህ ነው።

ቁርባንን በተመለከተ፣ ቁረቢ ወይም አትቁረቢ የሚልሽ የንስሐ አባትሽ እንጂ ባልሽ አይደለም። ቂም አትያዥ፤ ጌታ ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በሉ ብሏል። ይቅር ማለት ግን እንዳልሆነ መቁጠር አይደለም፤ ለሚመታ እጅ ተመልሶ መቀመጥም አይደለም። ወደ ሌላ ሴት የሄደ ባል ንስሐ ሳይገባና የደም ምርመራ ሳያደርግ መኝታሽን ቢጠይቅ፣ እንቢ ማለትሽ ኃጢአት አይሆንብሽም።

ፍቺን በሚመለከት ጌታችን ዝሙትን ለይቶ ጠቅሷል (ማቴ. 19፥9)። ስለዚህ «ቁርባን ነውና የፈለገውን ቢያደርግ ቻይው» የሚሉሽ ቃሉን አጉድለው ነው። ቢሆንም ውሳኔውን በንዴት ሰዓት አታድርጊው። የንስሐ አባታችሁ አንድ ከሆኑ መጀመሪያ ብቻሽን ሂጂ። ባልሽ አጠገብሽ ተቀምጦ ሳለ ድብደባውን አትናገሪም፤ ብዙ እኅቶች እንደዚያ ሲውጡት አይቻለሁ። ሽማግሌ የሚገባም ከሆነ ዝሙቱንም ድብደባውንም በስማቸው ጥሪ፤ «ትንሽ አለመግባባት» ተብሎ እንዲታለፍ አትፍቀጂ።

ድብደባው ግን ሽማግሌ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ጥቃት ለይቶ ደንግጓል፤ ለፖሊስ ማመልከት ባልን አሳልፎ መስጠት አይደለም። ዳግመኛ እጁን ቢያነሣ በዚያው ቀን ወደምታምኛት ዘመድሽ ሂጂ። የንስሐ አባትሽን ከዚያ ሆነሽ ትደውይላቸዋለሽ።