ስለ ጌኦርጌ ሃጂ ጠይቁኝ፦ ከተጫዋችነት እስከ አሰልጣኝነት

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ 1994ቱ የዓለም ዋንጫ ስንጫወት የሮማኒያው ሃጂ ስም ደጋግሞ ተነሣ። ብዙዎቻችሁ ተጫዋቹን እንጂ አሰልጣኙን እንደማታውቁት ስላየሁ «ጠይቁኝ» አልኳችሁ። ጥያቄዎቻችሁ እነሆ ከነመልሳቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮሎምቢያ ላይ ያገባት ግብ ታስባ ነው ወይስ ሊያሻማ ሲል የገባች?

መልስ፦ ታስባ ነው፤ በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ጨዋታው ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ፓሳዲና ላይ ነበር። በእኛ ሰዓት ሌሊት ነው። ሃጂ ኳሷን የያዘው በግራ መስመር፣ ከግቡ ከሠላሳ ሜትር በላይ ርቆ ነበር። ግብ ጠባቂው ኮርዶባ ትንሽ ወጣ ብሎ ቆሟል። ምስሉን ቀስ አድርጋችሁ ተመልከቱት፤ ሃጂ ከመምታቱ በፊት ቀና ይላል። ኳሷ በግራ እግሩ ተመትታ በኮርዶባ አናት ላይ አለፈችና በወዲያኛው ቋሚ በኩል ገባች። ሪያል ማድሪድ ሳለም ኦሳሱና ላይ ከመሐል ሜዳ አካባቢ አግብቷል። ከሩቅ የሚሞክር ሰው ነበር፤ ዕድል አይደለም።

ጥያቄ፦ ከዚያ የዓለም ዋንጫ በፊት በጣሊያን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይጫወት ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በ1992 ከሪያል ማድሪድ ወደ ብሬሺያ ሄደ። የብሬሺያ አሰልጣኝ ሚርቻ ሉቼስኩ ነበር፤ በ1983 ሃጂን በ18 ዓመቱ ለብሔራዊ ቡድን ያሰለፈውም እሱ ነው። ክለቡ ሲወርድ ሃጂ አብሮ ወረደ። ከዓለም ዋንጫው በኋላ ግን አሰልጣኙ ዮሃን ክራይፍ ወደ ባርሴሎና ወሰደው።

ጥያቄ፦ ታላቅ ተጫዋች ታላቅ አሰልጣኝ አይሆንም ይባላል። ሃጂም ለዚህ ምስክር አይደለም?

መልስ፦ እስከ 2009 ድረስ ብትጠይቁኝ ኖሮ «ነው» እላችሁ ነበር። ጫማውን በሰቀለበት በ2001 ወዲያው የብሔራዊ ቡድኑን ያዘ፤ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያውን የመጨረሻ ዙር በስሎቬኒያ ተሸንፎ ለቀቀ። ገና ትናንት አብረውት የተጫወቱትን ማዘዝ ነበረበት፤ ይህ ቀላል አይደለም። በቱርኩ ክለብ ቡርሳስፖር ብዙ አልቆየም። በጋላታሳራይ ያሳለፈው የ2004/05 ዓመት ግን ሲነሣ ይኖራል፤ በቱርክ ዋንጫ ፍጻሜ ፌነርባቼን 5 ለ 1 አሸነፈ። ከግቦቹ አንዱን ያስቆጠረው ብዙም ስም ያልነበረው ወጣት ፍራንክ ሪቤሪ ነበር። እንዲያም ሆኖ አልቆየም። በ2007 የሮማኒያውን ክለብ ስቴዋን ያዘና ከባለቤቱ ጋር ባለመስማማቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ጥሎ ወጣ። በ2010 ወደ ጋላታሳራይ ተመልሶ ዓመት ሳይሞላው ተሰናበተ።

ሃጂ በሰው ቤት ሥራ የሚመቸው ሰው አይደለም። ማን ይሰለፍ የሚለውን ሌላ ሰው ሲወስንበት አይችልም። ስለዚህ የራሱን ቤት ሠራ።

ጥያቄ፦ ቤቱ የትኛው ነው?

መልስ፦ ቪቶሩል። በሮማንኛ «መጪው ጊዜ» ማለት ነው። በ2009 ባደገባት በኮንስታንጻ አጠገብ፣ ኦቪዲዩ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ክለቡንና የታዳጊዎች አካዳሚውን አቋቋመ። ገንዘቡ ከኪሱ ነው፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይኸ ነው። በእግሩ ያገኘውን ሀብት ሣርና ማደሪያ ላይ አዋለው። ክለቡ ከሦስተኛ ዲቪዚዮን ተነሥቶ በ2012 አንደኛው ዲቪዚዮን ደረሰ። ሃጂ በ2014 ራሱ አሰልጣኝ ሆነ።

አንድ ልጅ ላሳያችሁ። ክሪስቲያን ማኔያ የተባለው ተከላካይ በግንቦት 2014 ለሮማኒያ ብሔራዊ ቡድን ሲሰለፍ 16 ዓመቱ ነበር፤ በታሪካቸው ከእሱ በፊት በዚያ ዕድሜ የተሰለፈ የለም። ሌላ አሰልጣኝ እንዲህ ያለውን ልጅ ከታዳጊዎች ቡድን አያወጣውም። የሃጂ ክለብ ግን ዋናው ቡድን ውስጥ ያሰልፈዋል፤ ቢሳሳትም በሳምንቱ መልሶ ያሰልፈዋል። ራዝቫን ማሪን፣ ፍሎሪኔል ኮማን፣ ቱዶር ባሉታ በዚህ መንገድ ነው የወጡት። ሲሸጡ ገንዘቡ ተመልሶ ለክለቡ ይሆናል፤ አሠራሩ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ቪቶሩል በ2017 ያገኘው የሮማኒያ ሊግ ዋንጫ በሜዳ ሳይሆን በወረቀት የተገኘ ነው የሚሉ አሉ።

መልስ፦ በሜዳ የተገኘ ነው። ቪቶሩልና የቡካሬስቱ ክለብ ኤፍሲኤስቢ እኩል ነጥብ ይዘው ጨረሱ፤ በእርስ በርስ ግንኙነታቸው ቪቶሩል በለጠ። ኤፍሲኤስቢ እስከ ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተረታ። ስምንት ዓመት ያልሞላው ክለብ የአገር ሻምፒዮን ሆነ፤ ወረቀቱ የሚለው ይኸንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ልጁን ያኒስን በአባትነት ነው ያሰለፈው?

መልስ፦ ቪቶሩል በ2017 ሻምፒዮን ሲሆን ያኒስ ፊዮሬንቲና ነበር፤ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ኋላ የተጫወተባቸውን የቤልጂየሙን ሄንክንና የስኮትላንዱን ሬንጀርስን ማንም አባት አልሰጠውም።

ጥያቄ፦ ቪቶሩል አሁን የለም አይደል?

መልስ፦ በስሙ የለም። በ2021 ሃጂ በልጅነቱ ከተጫወተበት ከኮንስታንጻው ፋሩል ጋር ተዋሐደ። ፋሩል ማለት ለመርከቦች የሚበራው የባሕር ዳር መብራት ነው፤ ኮንስታንጻ የጥቁር ባሕር ወደብ ናት። በሰማያዊና ነጭ መለያ በግንቦት 2023 የሆነውን አልረሳውም። ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ ተጋጣሚው ያው ኤፍሲኤስቢ ነው። ኦቪዲዩ ላይ እንግዳው 2 ለ 0 መራ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ፋሩል አንድ አገባ፤ አቻ ሆነ፤ ከዚያ በአካዳሚው ያደገው ሉዊ ሙንቴያኑ ሦስተኛዋን ጨመረ። 3 ለ 2። ፋሩል ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ።

ጥያቄ፦ ከሃጂና ከሉቼስኩ ማን ይበልጣል? በአሰልጣኝነት ማለቴ ነው።

መልስ፦ በዋንጫ ከሆነ ሉቼስኩ፤ የዩክሬኑን ክለብ ሻክታርን ይዞ በ2009 የዩኤፋ ዋንጫን የወሰደ ሰው ነው። እኔ ግን የ14 ዓመት ልጅ ቢኖረኝና ለአንዳቸው ስጥ ብባል፣ ኦቪዲዩ እወስደው ነበር።