ሦስቱም «1» ከሆኑ የቱ ነው መጀመሪያው? ስለ አዋቂዎች ኮሚክ አንባቢዎች የጠየቁን

በዚህ ጊዜ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ነው፤ በደራሲ ብራያን ኬ. ቮንና በሠዓሊ ፊዮና ስቴፕልስ የሚሠራውን፣ በኢሜጅ ኮሚክስ የሚታተመውን «ሳጋ»ን። ሁለት ዓለማት እየተዋጉ ሳለ ከጠላት ወገን የተጋቡ ባልና ሚስት ልጃቸውን ይዘው ይሸሻሉ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ስለዚህ ምሳሌያችንን ከእሱ ወስደናል፤ አብዛኛው መልስ ግን ለሌሎች ረጃጅም ተከታታዮችም ይሠራል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሳጋን ልገዛ ብዬ ጥራዝ 1፣ መጽሐፍ 1 እና ኮምፔንዲየም 1 የሚሉ ሦስት ነገሮች አገኘሁ። የትኛው ነው መጀመሪያው?»

ሦስቱም። ታሪኩ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በሚይዙት መጠን ነው። ሥራው መጀመሪያ የሚወጣው በቀጫጭን ነጠላ ቁጥሮች ነው፤ ቁጥር 1 የታተመው በመጋቢት 2012 ነበር። ስድስት ቁጥር ሲጠራቀም ለስላሳ ሽፋን ያለው ጥራዝ ይወጣዋል። ሦስት ጥራዝ፣ ማለትም 18 ቁጥር፣ ደረቅ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ይሆናል። ዘጠኙ ጥራዞች ደግሞ፣ ከቁጥር 1 እስከ 54፣ በ2019 በአንድ ኮምፔንዲየም ተጠርዘዋል።

ሒሳቡን ከያዙት አይሳሳቱም፤ የጥራዙን ቁጥር በ6 ያባዙ፣ የደረቅ ሽፋኑን ደግሞ በ18። የሚያገኙት የመጨረሻውን ነጠላ ቁጥር ነው። ጥራዝ 4 በቁጥር 24 ያበቃል፤ መጽሐፍ 2 ከ19 እስከ 36 ይይዛል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ጥራዝ 4ን ጨርሶ መጽሐፍ 2ን ሲገዛ ከ19 እስከ 24 ያሉትን ሁለት ጊዜ ከፈለባቸው ማለት ነው። ከጥራዝ ወደ ደረቅ ሽፋን መሻገር የሚያዋጣው ጥራዝ 3 ወይም ጥራዝ 6 ሲያልቅ ብቻ ነው። ኮምፔንዲየሙን የጨረሰ ሰው የሚቀጥለው በጥራዝ 10 ነው፤ የሚጀምረውም ከቁጥር 55 ነው። ያገለገለ መጽሐፍ ሲገዙ ሽፋኑን አይመኑ፤ የኅትመት መረጃው ባለበት ገጽ ላይ የትኞቹን ቁጥሮች እንደያዘ ተጽፎ ያገኙታል።

ምክራችን በጥራዝ 1 ይጀምሩ ነው። ኮምፔንዲየሙ ለአንድ ገጽ ሲሰላ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከ1300 ገጽ በላይ ስለሆነ ተኝተው አያነቡትም። ከውፍረቱ የተነሣም በሁለት ገጽ ላይ የተዘረጋ ሥዕል መሀሉ ወደ ጥርዙ ይሰምጣል። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ለሚያነብ ሰው ግን ጥሩ ምርጫ ነው።

«ልብወለድ አንባቢ ነኝ። ኮሚክ ስከፍት ግን ዓይኔ የት እንደሚሄድ አያውቅም። መጀመሪያ ጽሑፉን ነው ሥዕሉን?»

ልብወለድ ያስለመደዎት ፊደል ማሳደድን ስለሆነ ዓይንዎ ከአረፋ ወደ አረፋ፣ ማለትም ንግግር ከተጻፈበት ክብ ወደ ሌላው፣ ይዘላል። ሀያ ሁለት ገጽ በስድስት ደቂቃ ይጨርሱና «ታሪኩ ቀጭን ነው» ይላሉ። ታሪኩ አልቀጠነም፤ ግማሹን አልፈውት ነው።

በእያንዳንዱ ገጽ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ምንም ሳያነቡ ገጹን በሙሉ አንድ ጊዜ ይመልከቱ፤ ስንት ረድፍ አለው? ትልቁ ሳጥን (ሥዕል የተከለለበት ክፈፍ) የቱ ነው? ከዚያ ወደ መጀመሪያው ሳጥን ይመለሱና ጽሑፉን ያንብቡ፤ ወደሚቀጥለው ከመሻገርዎ በፊት የተናጋሪውንም የሰሚውንም ፊት ይዩ። በአዋቂዎች ኮሚክ አፍ የሚለውንና ፊት የሚለውን ማለያየት የተለመደ ነው፤ «ደህና ነኝ» የሚል አረፋ ደህና ካልሆነ ፊት በላይ ይቀመጣል።

ቅደም ተከተሉ እንደ አማርኛ ጽሑፍ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ረድፉ ሲያልቅ ወደ ታች። የሚያደናግረው በግራ በኩል ሁለት ሳጥኖች ተደራርበው በቀኝ አንድ ረጅም ሳጥን ሲቆም ነው። ያን ጊዜ የግራዎቹን ሁለቱን ከላይ ወደ ታች ጨርሰው ነው ወደ ቀኙ የሚያልፉት። ጥርጣሬ ሲገባዎ በሳጥኖቹ መካከል ያለውን ነጭ ክፍተት ይከተሉ፤ ሳይቆረጥ ረጅሙን መንገድ የሚሄደው መስመር ገጹን የሚከፍለው እሱ ነው። በአንድ ሳጥን ውስጥ ብዙ አረፋ ካለ ከፍ ብሎ በግራ ያለው ይቀድማል። የጃፓን ማንጋ በጃፓንኛው አቅጣጫ ከታተመ ግን ሁሉም ነገር ከቀኝ ይጀምራል፤ እዚያ የመጽሐፉ ፊት እኛ ጀርባ የምንለው ነው።

የአረፋው ቅርጽም ይናገራል። ጭራው ወደ ተናጋሪው ይጠቁማል። ዳር ዳሩ የተቆራረጠ መስመር ሹክሹክታ ነው፤ ጭራው እንደ መብረቅ ከተሰበረ ድምፁ ከሬዲዮ ወይም ከማሽን ይመጣል። በአራት ማዕዘን ሳጥን ውስጥ በትምህርተ ጥቅስ የገባ ንግግር ካዩ ተናጋሪው በሥዕሉ ውስጥ የለም፤ ካለፈው ትዕይንት ወይም ገና ከሚመጣው እየተናገረ ነው። ጀማሪ አንባቢ «ይህን ያለው ማነው?» ብሎ የሚጠፋው በአብዛኛው በዚህ ነው። ደምቆ የተጻፈ ቃል ደግሞ ድምፅ የሚጠብቅበት ቦታ ነው።

አንድ ትንሽ ብልሃት፦ አስደንጋጭ ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ገጽ ሲገለበጥ በሚገጥመን የግራ ገጽ ላይ ነው፤ ቀኝ ላይ ቢሆን የግራውን እያነበብን ዓይናችን ሰርቆ ያየዋልና። ስለዚህ መጽሐፉን ከማንበብዎ በፊት አያገላብጡት። ከፊት ገልበጥ አድርጎ ማየት በልብወለድ ብዙ አይጎዳም፤ እዚህ ግን አንድ ሥዕል የሁለት ዓመት ምስጢር ያወጣል።

«በሳጋ የቀንድ ባለቤቶቹ የሚናገሩት በሰማያዊ ፊደል፣ በማላውቀው ቋንቋ ነው። የኅትመት ስህተት ነው? ከሥዕሉ ላይ ያለ አረፋ የተጻፈውስ?»

ስህተት አይደለም። ሪዝ የተባለችው ጨረቃ ሰዎች ቋንቋ ስሙም «ሰማያዊ» ነው፤ የተጻፈውም በእውነተኛ ቋንቋ፣ በ1887 ይፋ በሆነው በኤስፔራንቶ ነው። ያልተተረጎመው ሆን ተብሎ ነው። ቋንቋውን የማይችሉት ገጸ ባሕርያት የሚሰሙትን ያህል እርስዎም እንዲሰሙ ነው፤ ከቃሉ ይልቅ ፊታቸውን እንዲያዩ። በመጀመሪያ ንባብ አይተርጉሙት። በሁለተኛው ንባብ ኤስፔራንቶ በሚያውቅ የትርጉም መተግበሪያ ቢያስገቡት ትርጉም ያለው ነገር ያገኛሉ።

ያለ አረፋ በሥዕሉ ላይ የሚንሳፈፈው የእጅ ጽሑፍ የተራኪዋ የሄዘል ድምፅ ነው። ሄዘል በመጀመሪያው ገጽ ስትወለድ የምናያት ሕፃን ናት፤ የምትተርከው ግን ካደገች በኋላ ነው። ጽሑፉን በእጇ የምትጽፈው ሠዓሊዋ ራሷ ናት፤ አረፋዎቹ ግን በሌላ ባለሙያ ነው የሚሞሉት። ብዙ ሰው የእጅ ጽሑፉን እንደ ጌጥ ይዘለዋል። እንዳያደርጉት፤ ሥዕሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ገና የማያውቁትን ነገር የምትነግረን እሷ ናት፤ አንዳንድ ጊዜም አንድ ሰው ሲስቅ በሚታይበት ሳጥን ላይ ስለ አሟሟቱ ትጠቁማለች።

በሥዕሉ ረገድ ሁለት ነገር ያስተውሉ። ስቴፕልስ ሰዎቹን በመስመር ትስላቸዋለች፤ ጀርባው ግን ያለ መስመር በቀለም ብቻ የተሞላ ነው። ስለዚህ ከኋላ ካለው ነገር መካከል አንዱ በድንገት መስመር ካወጣ ሊንቀሳቀስ ነው ብለው ይጠብቁ። ሌላው የሮቦት ወገን ነው፤ ራሳቸው ቴሌቪዥን የሆነ መኳንንት። በስክሪናቸው ላይ ብልጭ የሚለው ምስል በልባቸው ያለው ነው። አፍ የሌለው ገጸ ባሕርይ የሚዋሸው በቃሉ ነው፤ ፊቱ ግን ያሳጣዋል።

«በስልክ ማንበብ ይቻላል?»

ይቻላል፤ አያያዙን ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ኮሚክ ገጽ ወደ 17 በ26 ሴንቲሜትር ነው። ቀጥ ብሎ የተያዘ ስልክ ስፋቱ 7 ሴንቲሜትር ቢሆን ገጹ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል፤ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል የነበረ ፊደል አንድ ሚሊሜትር ይሆናል። ዓይንዎ ፊደል ሲፈልግ ሥዕሉን አያየውም።

ስልኩን ያጋድሙት። ስፋቱ ወደ 15 ሴንቲሜትር ስለሚሆን ገጹ ከ85 በመቶ በላይ መጠኑን ይይዛል፤ ከላይ ወደ ታች በሦስት ወይም በአራት ጊዜ እየገፉ ያነቡታል። ሳጥን በሳጥን እያጎላ የሚያሳየውን ዘዴ ግን ለመጀመሪያ ንባብ አንመክረውም። ፊደሉን ያጠራልዎታል፤ የገጹን ቅርጽ ግን ይወስድብዎታል። ትንሽ ሳጥን ትንሽ የሆነው፣ ሙሉ ገጽ የያዘው ደግሞ ሙሉ ገጽ የያዘው በምክንያት ነው፤ በዚህ ዘዴ ሁሉም እኩል ይሆናሉ። ግድ ከሆነብዎት ከእያንዳንዱ ገጽ በፊት ሙሉ ገጹን እንዲያሳይ የሚያደርገውን ምርጫ ይክፈቱ። አሥር ኢንች አካባቢ የሆነ ታብሌት ካለ ችግሩ ያልቃል፤ ገጹ ወደ 80 በመቶ ሆኖ ይገባል። በሁለት ገጽ የተዘረጋ ሥዕል ሲመጣ ታብሌቱን ማጋደም ብቻ ነው፤ ለዚህ ሲባል ስክሪን የማዞሪያውን ቁልፍ አይቆልፉት።

በምሽት ንባብ የስክሪኑን ቀለም የሚያሞቀውን ማጣሪያ ያጥፉት። በቀለም ትዕይንት በሚለይ ሥራ ላይ ማጣሪያው ሰማያዊውን ሁሉ ግራጫ ያደርገዋል፤ ያ ሰማያዊ ፊደልም ከጥቁሩ አይለይም።

«ሁለት ጥራዝ መካከል ስድስት ወር ካለፈ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋብኛል።»

እንግዲህ የባሰውን ያስቡ፤ ቁጥር 54 በ2018 ከወጣ በኋላ ቁጥር 55 የመጣው በጥር 2022 ነው። ያን ጊዜ ያልረሳ አልነበረም።

በዕልባቱ ጀርባ አራት ነገር ይያዙ፦ ስም፣ ወገን፣ የሚፈልገው ነገር፣ በመጨረሻ የታየበት ቁጥር። «የሚፈልገው» የሚለው ዋናው ነው፤ ስም ቢረሱ ሥዕሉ ያስታውስዎታል፣ ምክንያት ግን አይሣልም። ወገኑን መለየት ቀላል ነው፤ ክንፍ ላንድፎል (ከሪዝ ጋር የሚዋጋው ዓለም)፣ ቀንድ ሪዝ፣ የቴሌቪዥን ራስ ሮቦት። ስሙ «ዘ» ብሎ የሚጀምር፣ እንደ ዘ ዊል ወይም ዘ ስቶክ፣ በገንዘብ የሚቀጠር አዳኝ ነው። አዲስ ጥራዝ ከመክፈትዎ በፊት ያለፈውን ጥራዝ የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች መልሰው ያንብቡ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ስም ፈልገው ኢንተርኔት ውስጥ አይግቡ። የገጸ ባሕርይ ገጽ ሲከፍቱ ከስሙ ቀጥሎ የሚያዩት በሕይወት መኖር አለመኖሩን ነው።

«ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ ድራጎንና መንኮራኩር ትወዳለች። ሽፋኑም ቆንጆ ነው። ልስጣት?»

አይስጧት እናቷ፤ ገና ነው። ሽፋኑ ላይ ለአዋቂዎች የሚል ምልክት አለ፤ ምልክቱም እውነቱን ነው። እርቃን፣ ወሲብና ደም በግልጽ ይሣላል፤ የልጅ ሞትም አይደበቅም። ኮሚክ ከኮሚክ ጋር በአንድ መደርደሪያ ስለሚቀመጥ ብቻ ብዙ ወላጅ ይሳሳታል። ለሌላ ሥራም ቢሆን አምስት ገጽ ከመካከል፣ አምስት ከመጨረሻ ይመልከቱ፤ መጀመሪያው ላይ ሁሉም ጨዋ ነው።

«ሳጋን ጨረስኩ። ቀጥሎስ?»

የወደዱት ምኑን ነው? ዓለሙን ከሆነ «ሞንስትረስ»ን ይያዙ። በ2015 ጀምሮ ለሳይንስ ልብወለድና ለምናባዊ ታሪክ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት ለሦስት ተከታታይ ዓመታት፣ ከ2017 እስከ 2019፣ ወስዷል። ሥዕሉ እጅግ የተጠቀጠቀ ነው፤ በስልክ አይሞክሩት። የታሪኩን የኋላ ዘመን የሚያስተምረው ድመት ፕሮፌሰር በቁጥሮች መጨረሻ ይመጣል፤ እሱን ከዘለሉ ጦርነቱ ለምን እንደተነሣ ሳይገባዎት ይቀጥላሉ።

ተረትና ሕልም ከሆነ ከ1989 እስከ 1996 በ75 ቁጥር የወጣው «ሳንድማን» አለ። ሠዓሊው በየክፍሉ ስለሚቀያየር የአንድ ሰው ፊት ከአንዱ ጥራዝ ወደ ሌላው ይለወጣል፤ ሰውየውን በአነጋገሩ ይያዙት። የመጀመሪያው ጥራዝ ወደ አስፈሪ ታሪክ ያደላል፤ ሚዛኑን የሚያገኘው ቁጥር 8 ላይ ነው፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት አይፍረዱ።

እንቅስቃሴና ከተማ ከወደዱ ከ1982 እስከ 1990 በጃፓን በተከታታይ የወጣው «አኪራ» ስድስት ወፍራም ጥራዝ ነው፤ ከ2000 ገጽ በላይ በጥቁርና ነጭ። ገጾች ሙሉ ያለ አንድ ቃል ስለሚያልፉ ፍጥነቱን የሚወስነው የእርስዎ ዓይን ነው። ሲገዙ ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ በአንዳንድ የቆዩ የእንግሊዝኛ ኅትመቶች ሥዕሉ ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ በሌሎች ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ እንደ መጀመሪያው ነው። ጥራዞቹን ከሁለቱ ቀላቅለው ከገዙ የአንዱ ሰው ጠባሳ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዘዋወር ያገኙታል።