የእማዬ ደብተርና የአሜሪካ አፓርትመንት፦ ባለ ብዙ ዩኒት ሕንፃ ልትገዙ ላሰባችሁ

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው፣ እናቴን ልጠይቅ መጥቼ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አላስወጣ ስላለኝ ጋቢ ደርቤ ምድጃው ዳር ቁጭ ብያለሁ። ሰሞኑን ከዳላስም ከሲልቨር ስፕሪንግም የሚደውሉልኝ ልጆች በዝተዋል፣ አብዛኞቹ የዚሁ የሸዋ ልጆች ናቸው፣ ከመንዝም ከደብረ ሲናም ከዚሁ ከጠባሴም፣ ጥያቄያቸው ደግሞ አንድ ነው፣ "ጋሼ፣ የምንኖርበትን ቤት ገዝተናል፣ ትንሽ ቆጥበናል፣ አሁን አፓርትመንት ሕንፃ መግዛት እንፈልጋለን፣ ከየት እንጀምር?" ይላሉ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ እማዬ ልንገራችሁ። ግቢያችን ውስጥ 6 ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፣ ድሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ የሚከራዩት፣ ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ተማሪም አስተማሪም ይገባባቸዋል። እማዬ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው ግን ደብተር አላት፣ ጥጉ የተበላ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ በግራ በኩል ማን ስንት እንደከፈለ፣ በቀኝ የመብራት፣ የውሃ፣ የሽንት ቤት ማስመጠጫ፣ የቁልፍ መቀየሪያ። ትናንት ሳገላብጠው 6ኛዋ ክፍል ገቢው ላይ የለችም። "እማዬ ይቺ ሳትከፍል ቀርታ ነው?" ብላት "ከፍላለች እንጂ፣ እሷማ የቆርቆሮ ናት" አለችኝ። ለካ ስንት ዓመት ሙሉ የዛችን ክፍል ኪራይ ለቀለብም ለዓመት በዓልም ነክታው አታውቅም፣ ጣሪያ ሲያፈስ፣ አጥር ሲዘም፣ ተከራይ ወጥቶ ክፍል ባዶ ሲከርም የምታወጣው ከዛ ነው።

እኔ ይሄንኑ ለመማር ኦሃዮ ውስጥ 18 ሺ ዶላር ከፍያለሁ። የመጀመሪያዬ ትልቅ ሕንፃ ባለ 8 ዩኒት (ለየብቻ የሚከራይ 8 ቤት ያለው) ነበር፣ የሻጩ ወረቀት ሲታይ ሁሉም ዩኒት ተከራይቷል፣ ወጪው ትንሽ ነው፣ ብሮከሩም "ቶሎ በል ሌላ ሰው እየመጣ ነው" ይለኛል፣ እኔም ፈረምኩ። በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት አንድ ሌሊት ተከራይ ደወለችልኝ፣ ሄጄ ባየው ቤዝመንቱ ውስጥ ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ቁርጭምጭሚት ድረስ ፍሳሽ ሞልቶታል። ቧንቧ ሠራተኛው ካሜራ ከተተና በትንሿ ስክሪን አሳየኝ፣ የሸክላ ቱቦ ነው፣ መጋጠሚያው ላይ የዛፍ ሥር ገብቶ እንደ ፀጉር ተንዘርፍፎ መንገዱን ዘግቶታል። ያቺን ካሜራ ከመግዛቴ በፊት ባስገባ ኖሮ ጥቂት መቶ ዶላር ነበር። ሳይበቃ ደግሞ "ተከራይተዋል" ከተባሉት ውስጥ 2ቱ ዩኒት ላይ የሚኖሩት የሻጩ የራሱ ሰዎች ነበሩ፣ ወዲያው ወጡ። ለቆርቆሮ ያስቀመጥኩት አንድ ሳንቲም አልነበረኝም፣ ከክሬዲት ካርድ ነው የከፈልኩት።

እና አሁን ወደ ጉዳዩ። አሜሪካ ውስጥ እስከ 4 ዩኒት ያለው ሕንፃ በብድር በኩል እንደ መኖሪያ ቤት ነው የሚታየው፣ ከ5 ጀምሮ ኮሜርሻል (የንግድ ሕንፃ) ነው። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ቤት ስትገዙ ባንኩ የናንተን ደመወዝ ነው የሚያየው፣ ዋጋውንም ጎረቤቱ ያለው ቤት በስንት እንደተሸጠ አይቶ ይገምታል፣ ኮሜርሻል ላይ ግን መጀመሪያ የሚታየው ሕንፃው ራሱ ስንት እንደሚያስገባ ነው። ከኪራዩ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ፣ የባንክ ክፍያ ሳይነካ የሚቀረው ኤንኦአይ ይባላል፣ እሱን በአካባቢው ካፕ ሬት፣ ማለትም እዛ አካባቢ ኤንኦአይ የሕንፃ ዋጋ ስንት ከመቶ እንደሚሆን በሚያሳየው ቁጥር፣ ስታካፍሉት ዋጋው ይወጣል። ሌላው ሁሉ የሚዞረው በዚህች ቁጥር ዙሪያ ስለሆነ እሷን ሳትጨብጡ እባካችሁ አትሩጡ።

በቁጥር እንየው፣ ለምሳሌ ያህል ነው። 12 ዩኒት እያንዳንዱ 1,100 ዶላር ቢከራይ በዓመት 158,400 ነው። ባዶ ለሚከርምና ለማይከፍል 7 ከመቶ ቀንሱ፣ 147 ሺ ገደማ ይቀራል። ከዛ ፕሮፐርቲ ታክስ፣ ኢንሹራንስ፣ ውሃ፣ ቆሻሻ፣ ማኔጅመንት፣ ጥገና፣ በረዶ ማስጠረጊያ፣ የቆርቆሮዋም ጭምር፣ አሮጌ ሕንፃ ላይ 45 ከመቶ ቢወስድ አይግረማችሁ፣ 81 ሺ ገደማ በእጃችሁ ይቀራል። በ6.5 ከመቶ ካፕ ሬት ሕንፃው 1 ሚሊዮን 246 ሺ ያወጣል ማለት ነው። ሻጩ ግን ማኔጅመንቱን "እኔው ራሴ ነኝ የማየው" ብሎ ያወጣዋል፣ ጥገናውን ያሳንሳል፣ ቆርቆሮዋን ጭራሽ አይጽፋትም፣ 105 ሺ ነው ኤንኦአዩ ይላችኋል፣ በዛው ካፕ ሬት ሲካፈል 1 ሚሊዮን 615 ሺ። አያችሁ፣ ወረቀት ላይ 24 ሺ ዶላር የተለወጠች ዋጋው ላይ 369 ሺ ሆና መጣች። ስለዚህ የሻጩን ያለፈ 12 ወር የገቢና ወጪ ዝርዝር፣ የተከራዮቹን ዝርዝርና ሊዞቹን (የኪራይ ውሎቹን)፣ የባንክ ስቴትመንቱን፣ የታክስ ቢሉን ጠይቁ፣ ኪራይ በእርግጥ ባንክ ገብቷል ወይ ብላችሁ አንድ በአንድ አመሳክሩ። ታክሱን ደግሞ ሻጩ በሚከፍለው አትስሉት፣ ብዙ ቦታ ሕንፃ ሲሸጥ ግምቱ እንደገና ይሠራል፣ ታክሱ ዘሎ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ይሄው ስሌት በበጎም ይሠራል። በያንዳንዱ ዩኒት ላይ በወር 50 ዶላር ብታሻሽሉ፣ በኪራይም ሆነ ወጪ በመቀነስ፣ 12 ዩኒት ላይ በዓመት 7,200 ነው፣ በ6.5 ከመቶ ሲካፈል ሕንፃው ላይ 110 ሺ ዋጋ ጨመራችሁ። ሰው ወደዚህ ሥራ የሚገባበት ምክንያትም ይሄ ነው።

ብድሩ ላይ ብዙ ልጅ የሚሳሳተው "የዋጋው 25 ከመቶ በእጄ ካለኝ ይበቃል" ብሎ ነው። ባንኩ ኤንኦአዩ የዓመቱን ክፍያ ብዙ ጊዜ 1.25 እጥፍ እንዲሸፍን ይፈልጋል። ያው 81 ሺው ለ1.25 ሲካፈል 64,800 ነው፣ በወር 5,400። በ6.5 ከመቶ ወለድ በ30 ዓመት ስሌት ይሄ ክፍያ የሚሸከመው ብድር 854 ሺ አካባቢ ነው። ሕንፃው 1.246 ሚሊዮን ከሆነ ከኪሳችሁ 392 ሺ ልታወጡ ነው፣ 31 ከመቶ አለፈ፣ የክሎዚንግ (የግዢው መዝጊያ) ወጪና ባንኩ ሂሳባችሁ ላይ ተቀምጦ ማየት የሚፈልገው ገንዘብ ሳይጨመር። ደግሞ የ30 ዓመት ስሌት ማለት የ30 ዓመት ብድር ማለት አይደለም፣ አብዛኛው ኮሜርሻል ብድር በ5፣ በ7 ወይም በ10 ዓመት ቀሪው በሙሉ ይጠየቃል፣ ባሉን ይሉታል፣ ያን ቀን ወለድ የት እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ቀድማችሁ ልትከፍሉ ብትሉም ብዙ ጊዜ ቅጣት አለው፣ ኮንትራቱን ጠበቃ ያንብብላችሁ።

ስለ ወለድ ካነሳሁ አይቀር አንድ የሚያመኝን ነገር ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ 2021 አንድ ወገናችን 200 ዩኒት ያለው ኮምፕሌክስ በሲንዲኬሽን፣ ማለትም ብዙ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ አንዱ እያስተዳደረው፣ እየገዛን ነው ግባ አለኝ፣ 50 ሺ ዶላር አስገባሁ። ብድሩ ወለዱ የሚንሳፈፍ (ከገበያው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል) እንደሆነ አልጠየቅኩም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ከማርች 2022 ጀምሮ ከዜሮ አጠገብ የነበረውን ወለድ እያነሳ በጁላይ 2023 ከ5.25 እስከ 5.50 ከመቶ አደረሰው፣ የሕንፃው ክፍያ ከኪራዩ በለጠ፣ መጀመሪያ የሩብ ዓመት ክፍፍሉ ቆመ፣ ቀጥሎ ተጨማሪ ገንዘብ አምጡ ተባልን፣ በመጨረሻ ሕንፃውን አበዳሪው ወሰደው። 50 ሺዬ አልተመለሰም። ሰውየው ሌባ አልነበረም፣ እሱም የራሱን አጥቷል፣ እኔ ግን መጠየቅ የነበረብኝን 3 ጥያቄ ሳልጠይቅ ነው የፈረምኩት፦ ወለዱ ቋሚ ነው ወይ? ብድሩ ተከፍሎ የሚያልቅበት ቀን መቼ ነው የሚደርሰው? የቆርቆሮ ስንት ተቀምጧል?

አሁን ደግሞ በዕቁብ ልማዳችን "10 ሆነን እናዋጣ" የምትሉ ብዙ ናችሁ፣ እኔ ደስ ይለኛል፣ ያገራችን ሰው ካልተባበረ ትልቅ ነገር አይነካም። ግን እወቁት፣ ዕቁብ በመተማመን ነው፣ ሕንፃ ግን በወረቀት ነው። አንዱ እየሠራ ሌሎቹ ገንዘብ ብቻ ካዋጡ የአሜሪካ ሕግ እንደ ሴኩሪቲ (እንደ አክሲዮን ያለ ኢንቨስትመንት) ነው የሚያየው። 506 ቢ በሚባለው የሴኩሪቲ ደንብ የምታውቋቸውን ሰዎች ማስገባት ይቻላል፣ አክሬዲትድ ያልሆኑትም እስከ 35 ድረስ፣ ግን ማስታወቂያ የለም፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ "ኑ ኢንቨስት አድርጉ" ብሎ መለጠፍ ክልክል ነው። 506 ሲ ማስታወቂያ ይፈቅዳል ግን ገዢው ሁሉ አክሬዲትድ መሆኑ ተጣርቶ ነው፣ ማለትም ለብቻው በዓመት ከ200 ሺ ወይም ከትዳር ጓደኛው ጋር ከ300 ሺ ዶላር በላይ የሚያገኝ፣ ወይም ከሚኖርበት ቤት ውጪ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሀብት ያለው። የሴኩሪቲ ጠበቃ ያስፈልጋችኋል፣ የታክሲ ማህበር ያቋቋመላችሁ ጠበቃ አይደለም። አንዱ ቢሞት፣ ቢፋታ፣ ድርሻዬን ስጡኝ ቢል ምን እንደሚሆን ገና ስትዋደዱ ጻፉት።

ገንዘቡ ገና ያልሞላላችሁ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ፣ እኔም የጀመርኩት በ4 ዩኒት ነው። ኤፍኤችኤ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እስከ 4 ዩኒት ድረስ ባንክ በ3.5 ከመቶ ዳውንፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) ለሚሰጣችሁ ብድር ዋስትና ይሰጣል፣ እናንተ ራሳችሁ አንዱ ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመት መኖር አለባችሁ፣ 3 እና 4 ዩኒት ሲሆን ደግሞ ኪራዩ ክፍያውን መሸፈኑን ያያሉ። ከተከራይ ጋር በአንድ ደረጃ እየወጣችሁ እየወረዳችሁ የምትማሩትን ማንም ኮርስ አያስተምራችሁም፣ እነዛን የ5 ሺ ዶላር ኮርሶች ተዉአቸው። በሁለተኛው ዓመት ባንክ ስትሄዱ "ልምድ አለህ ወይ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ይኖራችኋል።

የምትገዙበትን ቦታ ሕግ አንብቡ። ለምሳሌ ሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሐበሻው የሞላበት፣ ከጁላይ 2024 ወዲህ ኪራይ በዓመት ከ6 ከመቶ በላይ አይጨመርም፣ አንዳንድ ሕንፃ ነፃ ቢሆንም። "ገብቼ ኪራዩን 20 ከመቶ እጨምራለሁ" ብሎ ስሌት የሠራ ሰው እዛ ምን ይውጠዋል?

ከቤቱ ላይ ዶላር ተበድሮ እዚህ ደብረ ብርሃን ፎቅ ሠርቶ ማከራየት የሚያስብም አለ። ለአገር መሥራትን የመሰለ የለም፣ እኔም እማዬ ግቢ ላይ እሠራለሁ፣ ግን በቆጠባችሁት ገንዘብ እንጂ በዶላር ዕዳ አይሁን። ኪራዩ የሚገባው በብር ነው፣ ዕዳው ዶላር ነው፣ ከሐምሌ 2016 በፊት ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። በዛን ወቅት የአሜሪካ ቤቱን አስይዞ እዚህ የሠራ አንድ የሰፈር ልጅ አሁን በሁለት ሥራ ነው ዕዳውን የሚከፍለው፣ ኪራዩ ግማሹንም አይሸፍንለትም።

ሕንፃ ስታዩ ቀን ከብሮከሩ ጋር ብቻ አትሂዱ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ብቻችሁን ሂዱ፣ ስንት መስኮት መብራት እንደበራ ቁጠሩ፣ የፖስታ ሳጥኖቹን እዩ፣ ወረቀት ሞልቶ የተረፈው የማን ነው፣ ፓርኪንጉ ላይ መኪና አለ ወይ፣ ቆሻሻ መጣያው ጋ ፍራሽ ተጥሏል ወይ። ደረጃው ላይ ያገኛችሁትን ተከራይ ሰላም ብላችሁ "ሙቀቱ ይሠራል ወይ፣ ስትደውሉ ይመጣሉ ወይ?" በሉት። ባለ 8 ዩኒቱን ስገዛ እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ እነዛ 2 ዩኒቶች የማን እንደሆኑ በ10 ደቂቃ አውቅ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ እመለሳለሁ። የደወላችሁልኝ ልጆች ኦፈር (ለሻጩ የምታቀርቡትን ዋጋ) ከማስገባታችሁ በፊት የሻጩን የ12 ወር ዝርዝርና የራሳችሁን ስሌት ጎን ለጎን ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። የቆርቆሮዋን ያልቀነሳችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቀንሱና ላኩት።