ውሃን በአልትራቫዮሌት ብርሃንና በፐርኦክሳይድ ስለ ማከም፤ ከጎንደር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ጉዳይ የፈለጋችሁትን ጠይቁ ባልሁት መሠረት ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱኝን ጥያቄዎች፣ ተመሳሳዮቹን በማጣመር፣ እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከፒያሳ፣ መምህር)፦ ጋሼ፣ ብርሃኑ ጀርም የሚገድል ከሆነ ፐርኦክሳይዱ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ለጀርም ብርሃኑ ብቻውን ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠውም መጠን በካሬ ሴንቲሜትር 40 ሚሊጁል ገደማ ነው። የፀረ አረምና የመድኃኒት ቅሪቶች ግን አብዛኞቹ በዚህ መጠን አይበገሩም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚጨመረው ለእነርሱ ሲሆን፣ 254 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ሲያርፍበት ሞለኪውሉ ተሰንጥቆ ሁለት ሃይድሮክሲል ራዲካሎች (ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ፣ ካገኙት ነገር ጋር ወዲያው የሚዋሐዱ ቁርጥራጮች) ይሰጣል። የእነዚህ ራዲካሎች ኬሚካልን የማቃጠል (ኦክሳይድ የማድረግ) ኃይል ከክሎሪንም ከኦዞንም ይበልጣል፤ ይሁን እንጂ ዕድሜያቸው እጅግ አጭር ስለሆነ በተፈጠሩበት ቦታ ያገኙትን ሁሉ ያጠቃሉ እንጂ ጎጂውን ለይተው አይመርጡም።

ጥያቄ (ከአራዳ፣ ከሦስት ሰዎች)፦ በክረምት ከአንገረብ ግድብ የሚመጣው ውሃ ሲደፈርስ ይህ ዘዴ ያጠራው ይሆን?

መልስ፦ አያጠራውም፤ እንዲያውም ድፍርሱ ዘዴውን ያከሽፈዋል። ፐርኦክሳይድ ብርሃን የመሳብ አቅሙ ደካማ ነው። በሊትር 10 ሚሊግራም ብንጨምር እንኳ በአንድ ሴንቲሜትር የውሃ ጥልቀት ውስጥ የሚይዘው ከብርሃኑ ከመቶ አንድ እጅ ብዙም አይበልጥም፤ የቀረውን ደለሉና ከቅጠላ ቅጠል የሚወጣው ቡናማ ቀለም ይሻሙታል። በጭንቅ የተፈጠሩትም ራዲካሎች በብስባሹና በውሃው ውስጥ በሟሟው ባይካርቦኔት በተባለው ጨው ላይ ያልቃሉ፤ ልናጠፋው የፈለግነው ኬሚካል ደግሞ መጠኑ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ተራው ሳይደርሰው ይቀራል። ስለዚህ ደለሉን አሉም በተባለው ጨው ማርጋትና በአሸዋ ማጣራት ይቀድማሉ፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከእነርሱ በኋላ ነው። በሆላንድ አንዳይክ በተባለ ስፍራ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሐይቅ ውሃ በዚህ ዘዴ ሲታከም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነበር፤ የብርሃኑ መጠን በካሬ ሴንቲሜትር 540 ሚሊጁል ገደማ፣ ፐርኦክሳይዱም በሊትር 6 ሚሊግራም ሆኖ፣ በመጨረሻ ውሃው በካርቦን ማጣሪያ ያልፋል። በእኔ አስተያየት ገንዘብ ቢገኝ አስቀድሞ መዋል ያለበት ደለሉ ወደ ግድቡ እንዳይገባ ተዳፋቱን በማልማት ላይ ነው።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ የጉድጓዳችን ውሃ ናይትሬትና ፍሎራይድ አለበት ተባልን።

መልስ፦ ሁለቱም ኦርጋኒክ ስላልሆኑ ይህ ዘዴ አያስወግዳቸውም። አንዳንድ ኃይለኛ መብራቶች እንዲያውም ከናይትሬቱ ጥቂቱን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል።

ጥያቄ (ከደንቢያ፣ የግብርና ተማሪ)፦ ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም በምርመራ ካልታየ ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም፣ ወንድሜ። ራዲካሉ ሞለኪውሉን በአንድ ጊዜ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያደርሰውም፤ በመካከሉ ዳይክሎሮፌኖልን የመሰሉ፣ በጥቂቱም ቢሆን መጥፎ ሽታ የሚሰጡ ውላጆች ይፈጠራሉ። ስለዚህ ከፀረ አረሙ መጠን ጎን ለጎን በውሃው ውስጥ የቀረው ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን መለካት አለበት። ይህንን ሳያሳዩ «ዘጠና ዘጠኝ በመቶ አስወገድን» የሚሉ የመሣሪያ ሻጮችን በጥርጣሬ ማየት ተገቢ ነው።

ጥያቄ (አንዲት እናት)፦ ከፋርማሲ የሚሸጠውን ፐርኦክሳይድ በጀሪካን ጨምሬ ጣራ ላይ ፀሐይ ባስመታውስ?

መልስ፦ እባክዎን አያድርጉት። ምድር የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን ከ290 ናኖሜትር በታች ያለውን ክፍል ስለማይዝ ፐርኦክሳይዱን እምብዛም አይሰነጥቀውም፤ ጀሪካኑም ብርሃን አያሳልፍም። ውሃ አጋር ጨምረውበት ከሆነ ደግሞ ክሎሪኑና ፐርኦክሳይዱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉና ጀርም የሚገድለውን ያጣሉ። ለጀርም ብቻ ከሆነ ጥርት ያለ ውሃ በንጹሕና ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ጠርሙስ ለ6 ሰዓት፣ ደመና ካለ ለ2 ቀን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ኬሚካልን ግን ይህም አያስወግድም።

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ የጋራዥ ባለቤት)፦ የዘይት እጣቢያችንስ?

መልስ፦ ዘይቱን መጀመሪያ በማረጋጊያ ገንዳ ለዩት። ለቀረው እጣቢ ከመብራት ይልቅ ብረትን ከፐርኦክሳይድ ጋር የሚያጣምረው የፌንተን ዘዴ ሊቀል ይችላል፤ ነገር ግን ውሃው አሲዳማ፣ ፒኤች 3 ገደማ መሆን ስላለበት ከመለቀቁ በፊት አሲድነቱ መጥፋት፣ የሚወጣው የብረት ዝቃጭም መወገድ ይኖርበታል።

ጥያቄ (የላብራቶሪ ባለሙያ)፦ መብራት ሲቆራረጥ ምን ይሆናል?

መልስ፦ አምፖሉ እንደገና በርቶ ሙሉ ኃይሉን እስኪያገኝ ደቂቃዎች ይወስድበታል፤ በዚያ መካከል የሚያልፈው ውሃ ሳይታከም፣ ፐርኦክሳይዱንም እንደያዘ ይሄዳል። የፐርኦክሳይዱ ፓምፕና የውሃው ቫልቭ ከአምፖሉ የብርሃን መለኪያ ጋር ተያይዘው፣ ብርሃኑ ከተወሰነለት መጠን ሲያንስ ሁለቱም በራሳቸው እንዲዘጉ መደረግ አለበት።