ነጋዴም ነገረ ፈጅም፦ የጎልድ ኮስቱ ጄምስ ሃተን ብሩ

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የእህል መደብር አለኝ። የመጀመሪያ ልጄ ከጎኔ ሆና ሚዛን ስትይዝና የዱቤ መዝገብ ስትጽፍ አድጋ ዘንድሮ ሕግ ልትማር ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ለበዓል የመጡ አንድ እንግዳ ፊት «ንግድና ጥብቅና አብረው አይሄዱም» ብዬ ስናገር፣ በቅኝ ግዛት ዘመን በምዕራብ አፍሪካ ሁለቱንም የያዙ ሰዎች እንደነበሩ ነገሩኝ፤ ስማቸውን ግን አላስታወሱትም። እነማን ነበሩ? የሕግ ትምህርቱንስ ከየት አገኙት? የቆሙትስ ለገዢው ነበር ወይስ ለወገናቸው?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እንግዳዎ ትክክል ናቸው። በዛሬዪቱ ጋና፣ በዚያን ጊዜ ስሟ ጎልድ ኮስት፣ ከነጋዴ ቤት ወጥተው ችሎት የቆሙ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። ከሁሉ አስቀድሜ ላነሣልዎ የምወደው ጄምስ ሃተን ብሩን ነው፤ ምክንያቱም ንግዱ፣ ሕጉ፣ ፖለቲካውና ጋዜጣው በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንደ እሱ ተጠላልፈው የሚታዩበት ሌላ ሰው አላውቅም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

«ብሩ» የሚለው ስም ለእኛ ጆሮ የአገራችን ሰው ስም ቢመስልም የመጣው ከአየርላንድ ነው። ሪቻርድ ብሩ የተባለ አየርላንዳዊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አኖማቡ ወደተባለችው የፋንቴ ሕዝብ የባሕር ዳር ከተማ መጥቶ፣ የከተማዋ ኃያል አለቃ የነበሩትን የኤኖ ባይሲ ኩረንትሲን ልጅ ኤፉዋ አንሳን አግብቶ፣ ከምሽጉ አጠገብ ትልቅ ቤት ሠርቶ በ1776 እዚያው ሞተ። ሀብቱን ያፈራው በባሪያ ንግድ ነበር፤ ይህን ዘሎ የቤተሰቡን ታሪክ መተረክ እውነቱን ማጉደል ስለሚሆን ተጽፎ ይለፍ። ከእሱ የተወለዱት ልጆችና የልጅ ልጆች በእናቶቻቸው በኩል ፋንቴ፣ በስማቸው አየርላንዳዊ፣ በሥራቸው ነጋዴ ሆነው ቀጠሉ። እንግሊዝ የባሪያ ንግድን በ1807 ከከለከለች በኋላ የባሕር ዳሩ ገበያ ቀስ በቀስ ወደ ዘምባባ ዘይትና ወደ ወርቅ ዞረ። የጄምስ አባት ሳሙኤል ኮሊንስ ብሩም በዚህ ንግድ ላይ የተሰማሩና በዳኝነት ወንበር የተቀመጡ ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ መደብርና ችሎት በዚያ ቤት ጎረቤታሞች የሆኑት ጄምስ ከመወለዱ በፊት ነው።

ጄምስ የተወለደው በ1844 ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የፋንቴ አለቆች ከእንግሊዞች ጋር አንድ ሰነድ ፈርመው፣ እንደ ግድያና ዘረፋ ያሉ ከባድ ወንጀሎች በእንግሊዝ ሹሞች ፊት እንዲታዩ ተስማምተው ነበር። መሬታቸውን አልሰጡም፤ በሰነዱም እንግሊዝ የአገሩ ባለቤት ናት የሚል ቃል አልነበረም። ሆኖም ውሎ አድሮ ከዚህች ጠባብ ፈቃድ ሙሉ የመግዛት ሥልጣን ተመዘዘባት፤ የብሩም የዕድሜ ልክ ክርክር ዞሮ ዞሮ በዚሁ ላይ ነበር።

የሕግ ትምህርቱን ከየት አገኘው ላሉት፣ በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ ተልኮ መደበኛ ትምህርት ተማረ እንጂ የሕግ ትምህርት ቤት አልገባም። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1860ዎቹ አጋማሽ ችሎት መቆም ሲጀምር፣ በዚያ ባሕር ዳር እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ነገር የሚያውቅና የታመነ ሰው ከመንግሥት ፈቃድ አግኝቶ ስለ ሌላው መከራከር ይችል ነበር። በእኛ ቋንቋ «ጠበቃ» ከሚለው ይልቅ «ነገረ ፈጅ» የሚለው የቀድሞ ቃል ለዚህ ሰው በትክክል ይስማማዋል። በችሎቱም እንግሊዛዊ ሹም ከአገሩ አለቆች ጋር ተቀምጦ የአካባቢውን ልማድ ከእንግሊዞች የፍትሕ አስተሳሰብ ጋር እያገናዘበ ይፈርድ ስለነበር፣ ሁለቱንም ዓለም የሚያውቅ ሰው በእጅጉ ተፈላጊ ነበር።

ነገረ ፈጁ ከነጋዴ ቤት መውጣቱ የአጋጣሚ ጉዳይ እንዳልነበረ ለመረዳት፣ እርስዎ በየቀኑ የሚያገላብጡትን የዱቤ መዝገብ ያስቡ። የለንደን ወይም የሊቨርፑል የንግድ ቤት ጨርቅና መጠጥ በዱቤ ወደ ጎልድ ኮስቷ የባሕር ዳር ከተማ ወደ ኬፕ ኮስት ይልካል፤ የኬፕ ኮስቱ ነጋዴ ያንኑ ዕቃ ወደ መሀል አገር ለሚዘልቁ ትንንሽ ነጋዴዎች በዱቤ ያከፋፍላል፤ እነርሱም በዘይትና በወርቅ ከፍለው ሊመለሱ ቃል ይገባሉ። መንገድ በጦርነት ሲዘጋ ወይም የዘይት ዋጋ አውሮፓ ላይ ሲወድቅ ይህ የዱቤ ሰንሰለት በአንድ ጊዜ ይበጠሳል። ያን ጊዜ የሟች ዕዳ በፋንቴ ልማድ በእናት ወገን ባለው ወራሽ ላይ ይወድቃል ወይስ በእንግሊዝ ሕግ በልጁ ላይ? የዘመድ መሬት ለአንድ ሰው ዕዳ መያዣ ሊሆን ይችላል? ይህን ሁሉ በሁለት ቋንቋና በሁለት ሕግ አስረድቶ መከራከር የሚችለው መዝገቡን ራሱ ሲጽፍ ያደገ ሰው ነው። ልጅዎ ከጎንዎ ሆና የጻፈችው መዝገብ ለሕግ ትምህርቷ የባከነ ጊዜ አለመሆኑን በዚህ አጋጣሚ ልንገርዎ።

ብሩን ታላቅ ያሰኘው ሥራ ግን ከችሎት ውጭ ነው። በ1868 የፋንቴ ነገሥታትና አለቆች፣ እንግሊዝና ሆላንድ እነርሱን ሳያማክሩ ምሽጎቻቸውን ሲለዋወጡ ባዩ ጊዜ፣ ማንኬሲም ላይ ተሰብስበው የፋንቴ ኅብረትን መሠረቱ። በ1871 መጨረሻ ኅብረቱ ያጸደቀውን 47 አንቀጽ ያለው ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ዋናው እጅ የብሩ ሲሆን፣ በኅብረቱ አስተዳደርም ምክትል ጸሐፊ ነበር። ከአንቀጾቹ መካከል እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ስለ መንገድ የሚናገረው ነው፤ ዋና ዋና ከተሞችን የሚያገናኙት መንገዶች 15 ጫማ ስፋት ይኑራቸው፣ በግራና በቀኝም ጥልቅ የውሃ መውረጃ ይቆፈርላቸው ይላል። ሕገ መንግሥት ውስጥ የቦይ ጥልቀት የሚያስገባው ጭነቱ ጭቃ ላይ ሲቀር ያየ ሰው ነው፤ በዚያ አገር በቆላ ዝንብ ምክንያት የጋማ ከብት ስለማይበረክት ዕቃው ሁሉ በሰው ራስ ላይ ይጓዝ ነበርና። ትምህርትን በሚመለከትም፣ ከየትምህርት ቤቱ ጋር አናጢነት፣ ግንበኝነት፣ አንጥረኝነትና እርሻ የሚያስተምሩ ክፍሎች እንዲቋቋሙ፣ ለሴቶች ልጆችም መምህራት እንዲቀጠሩላቸው ይደነግጋል።

ሰነዱ ኬፕ ኮስት ለነበረው የእንግሊዝ አስተዳዳሪ ለሳልመን ሲቀርብለት፣ አስተዳዳሪው እንደ ሴራ ቆጥሮ ብሩንና ጓደኞቹን አሰራቸው። የለንደኑ መንግሥት እስራቱን ስላልደገፈው ተፈቱ፤ ኅብረቱ ግን ከዚያ በኋላ አልጸናም፤ በ1873 ፈረሰ፣ በ1874 ደግሞ እንግሊዝ ከባሕር ዳሩ በስተሰሜን ከነበረው የአሳንቴ መንግሥት ጋር ያደረገችውን ጦርነት አሸንፋ ባሕር ዳሩን በይፋ ቅኝ ግዛቷ አደረገችው። ብሩ በዚያው ዓመት ኬፕ ኮስት ላይ «ጎልድ ኮስት ታይምስ» የተባለ ጋዜጣ አቋቁሞ ክርክሩን በብዕር ቀጠለ። በ1885 ያወጣውን «ዌስተርን ኤኮ»ን ሲያዘጋጅ አብሮት የሠራው የእኅቱ ልጅ ኬስሊ ሄይፎርድ ኋላ ራሱ ጠበቃ ሆኖ፣ በ1911 ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ የአገራችንን ስም አኖረ። ኢትዮጵያ ሲል መላውን ጥቁር ሕዝብ ማለቱ ነበር።

ለማን ቆሙ ላሉት ጥያቄ መልሱ ቀላል አይደለም፤ ቀላል አድርጌ ባቀርበው እርስዎን ማታለል ይሆንብኛል። ብሩ ለወገኑ ታስሯል፣ ለወገኑ ጽፏል። ያው ብሩ ግን ከ1880ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የወርቅ ማዕድን ቦታዎችን ከአለቆች ተዋውሎ ለአውሮፓ ኩባንያዎች የሚያስተላልፍ ደላላም ነበር። አለቃው ጣቱን ባኖረበት ወረቀት ላይ ስንት ዓመትና ስንት ስፋት እንደተጻፈ ሁልጊዜ ያውቅ ነበር ማለት አይቻልም፤ በመካከል የቆመው ነገረ ፈጅም ከሁለቱም ወገን የሚጠቀም ሰው ነው። በ1888 ወደ ለንደን ተሻግሮ ንግዱንም ፖለቲካውንም ከዚያ ሆኖ ያካሂድ ጀመር። በ1895 የአሳንቴው ንጉሥ ፕሬምፔ ነፃነታቸውን ለማስከበር መልክተኞች ወደ ለንደን ሲልኩ ከጎናቸው ቆሞ ረድቷቸዋል፤ መንግሥቱ ግን በይፋ አልተቀበላቸውም። በጥር 1896፣ ከዐድዋ ድል ሁለት ወር እንኳ ሳይቀድም፣ የእንግሊዝ ጦር የአሳንቴ ዋና ከተማ ኩማሲ ገብቶ ንጉሡን ማርኮ ለስደት ዳረጋቸው። ብሩ እስከ 1915 ኖሯል።

በእነዚህ ዓመታት ችሎቱም ተለውጦ ነበር። የ1876ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕግ የእንግሊዝን ሕግ በአገሩ ላይ ሲያውጅ፣ የአካባቢው ልማዳዊ ሕግ ግን ከተፈጥሮ ፍትሕና ከርትዕ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ይሠራል አለ። ልማዱ በቃል የሚተላለፍ እንጂ ተጽፎ የሚቀርብ ስላልነበር፣ ለእንግሊዛዊ ዳኛ ማስረዳቱ አስቸጋሪ ሆነ። ይህን ክፍተት የሞላው ጆን መንሳ ሳርባ ነው። አባቱ ጆን ሳርባ የአኖማቡና የኬፕ ኮስት ስመ ጥር ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸውን ለንደን ልከው ሕግ አስተማሩት፤ በ1887ም ከጎልድ ኮስት ተወላጆች የመጀመሪያው ሙሉ ጠበቃ ሆነ። በ1897 የፋንቴን ልማዳዊ ሕግ ከተፈረዱ ጉዳዮች ጋር አሰባስቦ አሳተመ። እኔ እንደማየው ብሩ በልምድ የጀመረውን ሳርባ በዕውቀት መሠረት ላይ አቆመው።

መጽሐፉ የወጣበት ዓመትም ዝም ብሎ አልፎ የሚሄድ አይደለም። የማዕድን ውሉ ሽሚያ መረን በወጣ ጊዜ መንግሥቱ መሬቱን በራሱ ቁጥጥር ሥር የሚያደርግ የሕግ ረቂቅ በ1897 አቀረበ፤ ነጋዴዎች፣ አለቆችና የተማሩ ሰዎች ኬፕ ኮስት ላይ የተወላጆች መብት ጠባቂ ማኅበርን አቋቁመው ተነሡበት። ሳርባ በሕግ አውጪው ምክር ቤት ፊት ቀርቦ፣ በጎልድ ኮስት ባለቤት የሌለው መሬት እንደሌለ፣ ጫካውም ቢሆን የቤተሰብ ወይም የመንበር፣ ማለትም የአለቃው ዙፋን፣ መሆኑን ተከራከረ፤ ማኅበሩ ያቀረበለትን የጥብቅና ዋጋ ግን አልተቀበለም። ከነጋዴ ቤት መውጣቱ ይህን ሳያስችለው አልቀረም ብዬ አስባለሁ። ጉዳዩን ለንደን ድረስ የወሰዱትን ሦስት መልክተኞች የመሩትም የማኅበሩ ፕሬዚዳንት፣ ባለጸጋው ነጋዴ ጄኮብ ዊልሰን ሴይ ነበሩ። በነሐሴ 1898 የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩን ጆሴፍ ቻምበርሌይንን አነጋገሩ፤ ረቂቁም ተሻረ።