4,294,967,297ን ማን ያካፍለዋል? የመምህሩ ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ሰሌዳ ላይ 4,294,967,297ን ጽፌ «ከ1 እና ከራሱ ሌላ ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ማን ነው?» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ከተማሪውም ከወላጁም ጥያቄ ይዘንብብኛል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ በሴኮንድ አንድ እያላችሁ ብትቆጥሩ 136 ዓመት ይፈጃል።

መምህር፣ ዝም ብለው የደረደሩት ቁጥር ነው?
ኧረ አይደለም! 2ን 32 ጊዜ አባዝተህ 1 ስትጨምርበት የሚመጣ ነው። 32ቱን በ1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ብትተካው 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ይወጣሉ። አምስቱም ፕራይም ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው ሌላ አካፋይ የላቸውም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ ይህን አይቶ በፈረንጆቹ 1640 ገደማ «ቀጣዮቹም እንዲሁ ናቸው» ብሎ አመነ።

በ3 ሞክሬው እንቢ አለኝ።
አብሽሪ፣ እንቢ ማለቱ ልክ ነው። አሃዞቹን ደምሪያቸው፣ 59 ይሆናሉ። 59 ለ3 እኩል ስለማይካፈል ቁጥሩም አይካፈልም።

ታዲያ ማን አሸነፈው?
641። ያገኘው የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ነው፣ በፈረንጆቹ 1732። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ፕራይም ሁሉ የ64 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት፤ ይህንንም ያረጋገጠው እሱ ራሱ ነው። በዚህ መንገድ ስትሄድ የምትሞክራቸው ፕራይሞች 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ብቻ ናቸው። አምስተኛው ላይ በሩ ተከፈተ! የፌርማ ግምትም እዚያው ወደቀ።

ኮምቦልቻ ሱቅ አለኝ። የኔ ካልኩሌተር 8 አሃዝ ብቻ ነው የሚይዘው። እንዴት ላረጋግጥ?
ካልኩሌተሩን ይተዉት፣ ጋሼ። ማጠፍ፣ ማለትም በ2 ማባዛት፣ ይችላሉ አይደል? ውጭ አገር «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚሉት ዘዴ አለ፤ ማጋመስ፣ ማጠፍና መደመር ብቻ ነው። ማጋመሱን እኔ ጨርሼልዎታለሁ፦ 641 ማለት 512 ሲደመር 128 ሲደመር 1 ነው። እንግዲህ ቁጥሩ ለ641 ሲካፈል የሚወጣውን 6,700,417ን ይያዙ። ሰባት ጊዜ ሲያጥፉት 857,653,376 ይሆናል፣ ይህ 128 እጥፉ ነው። ሁለት ጊዜ ደግሞ ይጠፉት፣ 3,430,613,504። አሁን ሦስቱን ይደምሩ፦

6,700,417
857,653,376
3,430,613,504

ድምሩ 4,294,967,297። እኔ ይህን ሳየው ዛሬም ደስ ይለኛል።

6,700,417ስ ይከፈላል?
አይከፈልም። ፕራይም ነው።

ከ65,537 በኋላ በዚህ መንገድ የሚወጣ ሌላ ፕራይም አለ?
እስከ ዛሬ አልተገኘም። የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም። ከ4,294,967,297 ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ባለ 20 አሃዝ ነው፤ በፈረንጆቹ 1880 ላንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ በ274,177 ሰበረው።

ሎተሪ ላይ ይሠራል?
አይሠራም፣ ወንድሜ።

የቤት ሥራ አለ?
አለ። ከቁጥሩ 2 ቀንስ። ከዚያ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537ን እርስ በርስ አባዛቸው። ያገኘኸውን ሰኞ ይዘህልኝ ና።