«አረንጓዴ ነገር አየሁ» ብላችሁ አትጠይቁኝ፦ የጣና ውሃ በማይክሮስኮፕ

ከጣና ቀድታችሁ በማይክሮስኮፕ ያያችሁትን ጠይቁኝ። አደራ፣ በስንት ሌንስ እንዳያችሁና መጠኑን ጻፉ። ቀለም ያታልላል።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ አረንጓዴ ክብ ነገር አየሁ። ምንድን ነው?

መልስ፦ አተርም አረንጓዴ ክብ ነው። ስንት ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ነው?

ከአባይ ማዶ፦ መለኪያ ከሌለንስ?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ዓይንህን የምታስጠጋበት ሌንስ ላይ ቁጥር አለ፤ ብዙ ጊዜ 18 ነው። ስላይዱ አጠገብ ባለው፣ 40 በተጻፈበት ሌንስ የምታይ ከሆነ 18ን ለ40 አካፍል። 0.45 ሚሊሜትር፣ ማለትም 450 ማይክሮን። የሚታይህ ክብ ስፋቱ ያ ነው። አስር ሴል ተሰልፎ ከዳር ዳር ከሞላው አንዱ 45 ማይክሮን ነው። ባክቴሪያ በአብዛኛው ከ1 እስከ 5 ነው። የጠላ እርሾ ከ5 እስከ 10። ባለ አንድ ሴሉ ፓራሚሲየም ብዙ ጊዜ ከ100 ያልፋል።

ከባሕር ዳር፦ ልጄን ሆዱን ያመዋል። የሰገራውን ስላይድ ፎቶ ልላክ?

መልስ፦ አትላኪ። ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ከዘጌ፦ ዳር ላይ ውሃው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ሳየው ጥቃቅን ክቦች በንፍጥ መሳይ ነገር ተጣብቀዋል። 5 ማይክሮን ገደማ ናቸው።

መልስ፦ ተባረክ፣ ለካህ! ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ባክቴሪያ ይመስላል። አንዱን ሴል ብቻ አተኩረህ እይ። ኒውክለስ የለውም። አረንጓዴው እንደ ተክል ሴል በክሎሮፕላስት (አረንጓዴውን በሚይዘው ከረጢት) አልታሸገም፣ ሴሉ ውስጥ ተበትኗል። ጥቋቁር ነጥቦቹ የአየር ከረጢቶች ናቸው፤ የሚንሳፈፈው በነሱ ነው። አንድ ጠብታ አዮዲን ጨምርበት። እውነተኛው አረንጓዴ አልጌ ስታርች ስላለው ይጠቁራል፣ ይሄ ግን ቡናማ ይሆናል። መርዛማው ዓይነት ጣና ላይ ተገኝቷል። ውሃውን ማፍላት መርዙን አያጠፋውም፤ ከብትም አታጠጡ።

ከጎርጎራ፦ እኛ የተማርነው «ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ» ተብሎ ነው። ባክቴሪያ ከየት መጣ?

ከሽምብጥ፦ የድሮ መጽሐፍ ነዋ!

ከጎርጎራ፦ የድሮ መጽሐፍ ነው ያስተማረህ። ለመሆኑ ዓሣው ይበላል?

ከሽምብጥ፦ እኔ ትናንት በላሁ፣ ይኸው አለሁ።

ከጎርጎራ፦ አንተማ ምን የማትበላው አለ!

መልስ፦ ተዉ እንጂ! ኒውክለስ የለውም፣ ስለዚህ ባክቴሪያ ነው። አለቀ። ዓሣው አረንጓዴው ከወፈረበት ከተያዘ ሆድ ዕቃውን አትብሉ።

ከአዴት፦ አረንጓዴ ነገር አይቼ ነበር...

መልስ፦ መጠን!! ከላይ አንብብ።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ለካሁት። በ10ው ሌንስ አራቱ ተሰልፈው ክቡን ይሞላሉ። ደግሞ ይንከባለላል።

መልስ፦ እንዲህ ነው እንጂ። 18 ለ10፣ 1.8 ሚሊሜትር። ለ4 ስታካፍለው 450 ማይክሮን። አንድ ሴል አይደለም፣ ቮልቮክስ ይመስላል፤ ብዙ ሴሎች አንድ ላይ የሚኖሩበት ኳስ ነው። ውስጡ ትናንሽ ኳሶች አሉ?

ከሽምብጥ፦ አሉ! ስድስት ቆጠርኩ።

መልስ፦ ልጆቹ ናቸው። ስላይዱ ሳይደርቅ ቶሎ ፎቶ አንሳልኝ።